ጉጉቷ፣ እንጨት ቆራጩና የሂሳቡ ነገር

እኛ ዘንድ ጉጉት ስሟ አያምርም። ጣሪያ ላይ አርፋ ከጮኸች "ክፉ ወሬ ልታሰማን ነው" ይባላል፣ ድንጋይ ይወረወርባታል። "ትኑር" ብሎ የሚሟገትላት እምብዛም የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በአንዲት ጉጉት የተነሳ መንግሥት ተከሷል፣ የእንጨት ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተኮራርፏል፣ ፕሬዚዳንቱ ካቢኔያቸውን ይዘው ከዋሽንግተን እስከ ሌላኛው የአገሪቱ ዳርቻ ተጉዘዋል። ነገሩ ከተጀመረ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም አላለቀም።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ ልትጠፋ የተቃረበች ጉጉትን ለማዳን ሲባል የሰው እንጀራ ሊነካ ይገባል? ብዙዎቻችን ሳናመነታ "ሰው ይቀድማል" እንላለን። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ግን ምርጫው በሰውና በወፍ መካከል አልነበረም። ጉጉቷን መጠበቅ ያኔም ተገቢ ነበር፣ ዛሬም ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ያለው ሂሳቡ ለማን ተላከ የሚለው ላይ ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ወፏና ደኗ

የሰሜኑ ነጠብጣብ ጉጉት ትባላለች። ቁመቷ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ በታች፣ ቡናማ ላባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ ዓይኗ ጥቁር የሆነ ወፍ ናት። የምትኖረው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው፤ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደቡባዊ ጥግ ጀምሮ በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች አልፎ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ።

ይህች ጉጉት አመለኛ ናት። የራሷን ጎጆ አትሠራም፤ ያረጀ ዛፍ ሆድ ውስጥ ወይም ጫፉ የተሰበረ ግንድ ላይ ትፈለፍላለች። ዋና ምግቧ በሌሊት ከዛፍ ዛፍ የምትንሳፈፍ ሽኮኮ መሰል እንስሳ ናት፤ እሷም የምትበዛው በአሮጌ ደን ውስጥ ነው። አንድ ጥንድ ጉጉት ለኑሮው ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ሊፈልግ ይችላል። ሰው የተከለው፣ ዕድሜው 30 እና 40 ዓመት የሆነ፣ አንድ ዓይነት ቁመት ያለው ደን ለእሷ ቤት አይሆናትም።

አሮጌው ደን ስንል ደግሞ እንደ ዋዛ አይደለም። ዳግላስ ፈር የሚባለው ዛፍ ብዙ መቶ ዓመታት ይኖራል፤ ቁመቱ ከ70 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የአንዱ ዛፍ ግንድ ተቆራርጦ እንኳ አንዱ ቁራጭ ብቻውን ጭነት መኪና የሚሞላበት ጊዜ ነበር። ለእንጨት ነጋዴ ይህ በቁሙ የቆመ ገንዘብ ነው። ጉጉቷና ነጋዴው የሚፈልጉት አንድ ዛፍ መሆኑ ነው ጠቡን ያመጣው።

▪️ ደኑ እንዴት አለቀ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእንጨት ኩባንያዎች በዋናነት የሚቆርጡት ከግል ይዞታቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ለተመላሽ ወታደሮችና ለአዲስ ቤተሰቦች በገፍ ቤት መሥራት ስትጀምር የግሉ አሮጌ ደን እየተመናመነ መጣ። ፊታቸውን ወደ መንግሥት ደን አዞሩ። የደን አገልግሎቱም በሩን ከፈተላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ1908 ጀምሮ በወጣ ሕግ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ከደን ሽያጭ ከሚያገኘው ገቢ 25 በመቶውን ደኑ ላለበት አካባቢ ትምህርት ቤትና መንገድ ይሰጥ ነበር። በአንዳንድ የምዕራብ ኦሪገን ካውንቲዎች ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ የመምህሩ ደመወዝ፣ የመንገዱ ጥገና፣ የሸሪፉ ቤንዚን ሁሉ ከዛፉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ብዙ ዛፍ ሲወድቅ ብዙ ገንዘብ ይገባል። "ይበቃል" የሚል ሰው ከኩባንያው ብቻ ሳይሆን ከገዛ ልጁ ትምህርት ቤት ጋር ይጣላል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የአውሮፓ ሰፋሪዎች ሲመጡ ከነበረው አሮጌ ደን አብዛኛው ተመንጥሮ ነበር። የቀረውም በየተራራው የተበታተነ ቁራጭ ነው። እኛ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንደምንለው፣ ጩኸቱ የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

▪️ ወፏን ያገኛት ተማሪ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤሪክ ፎርስማን የሚባል የኦሪገን ወጣት በእረፍት ጊዜው ለደን አገልግሎት ሲሠራ ማታ ማታ እንግዳ ጩኸት ይሰማል። እሱም አስመስሎ ይጮኻል፤ ጉጉቷ ትመልስለታለች፣ ቀርባ ታየዋለች። በዚያን ጊዜ ስለዚህች ወፍ የሚታወቀው በጣም ጥቂት ነበር። ፎርስማን በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን ሲቀጥል ደጋግሞ ያየው ነገር አንድ ነው፦ ጉጉቷ የምትገኘው አሮጌው ደን ውስጥ ነው፤ ደኑም በመጋዝ ፊት ነው። ባለሥልጣናቱን ቢያስጠነቅቅም የተገኘው ምላሽ አንዳንድ ጎጆዎች ዙሪያ ጥቂት መሬት ከመከለል ብዙም አላለፈም።

በ1973 ግን ኮንግረስ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ለመጥፋት የተቃረቡ ፍጥረታትን የሚጠብቅ። ሪቻርድ ኒክሰን ፈረሙበት። በታችኛው ምክር ቤት የመጨረሻ ድምፅ የተቃወሙት 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ማን ይቃወማል? ሁሉም ያሰበው ስለ ንስርና ስለ ዓሣ ነባሪ ነው። ሕጉ ግን ስለ ወፍ መልክ አይጠይቅም፤ "የምታምር ትጠበቅ" አይልም። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንዲት የጣት ያህል ዓሣ ምክንያት በቴነሲ ሊጠናቀቅ የተቃረበ ግድብ እንዲቆም ሲወስን ነው ፖለቲከኞቹ ምን እንደፈረሙ የገባቸው።

▪️ ክሱ

በ1987 አንድ አነስተኛ ድርጅት ነጠብጣቧ ጉጉት በዚህ ሕግ እንድትጠበቅ አመለከተ። የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት "አያስፈልግም" አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1988 ዳኛው፣ ውሳኔው የራሱን የመሥሪያ ቤቱን ባለሙያዎች ማስረጃ የዘለለና መሠረት የሌለው ነው ብለው መለሱት። በሰኔ 1990 ጉጉቷ በሕጉ ጥበቃ ሥር ገባች። ታይም መጽሔትም በዚያው ወር የሽፋን ገጹን ሰጣት።

ትልቁ ውሳኔ የመጣው ግን በ1991 ነው። የሲያትሉ የፌዴራል ዳኛ ዊሊያም ድዋየር የደን አገልግሎቱ የጉጉቷን ህልውና የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ዕቅድ እስኪያቀርብ ድረስ በመኖሪያዋ የእንጨት ሽያጭ እንዲቆም አገዱ። ድዋየርን ለዳኝነት ያጯቸው ሮናልድ ሬገን ናቸው፤ በአካባቢ ጥበቃ አቀንቃኝነት የሚጠረጠሩ ፕሬዚዳንት አልነበሩም። የዳኛው ፍርድ ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦ ጥፋቱ የጉጉቷም የሕጉም አይደለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሥራቸው ያሉ ሳይንቲስቶች የሚሉትን እያወቁ፣ ከበላይ በመጣ ውሳኔ፣ ለዓመታት ሕግ አናከብርም ማለታቸው ነው።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ቀስ በቀስ ሊደረግ ይችል የነበረ ቅነሳ ለዓመታት ሲገፋ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ወረደ። አስተላላፊዎቹ ቢሮ ውስጥ ነበሩ፤ የወደቀው ግን እንጨት ቆራጩ ላይ ነው።

▪️ ጦርነቱ

ከዚያ በኋላ የሆነው "የእንጨት ጦርነት" ይባላል። እንጨት የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ከተማ ዘጉ። የጉጉት ምስል ተሰቀለ። ጉጉት እየጠበሱ መብላትን የሚያወድሱ ተለጣፊ ጽሑፎች በየመኪናው ታዩ። በሌላው ወገን ወጣቶች ዛፍ ላይ ወጥተው ለሳምንታት አንወርድም አሉ። አንዳንድ ጽንፈኞች መጋዝ እንዲሰበር ግንድ ላይ ምስማር ይመቱ ነበር፤ በ1987 በካሊፎርኒያ አንድ የመሰንጠቂያ ፋብሪካ ሠራተኛ ምስማር በነካው መጋዝ ፊቱ ክፉኛ ተጎድቷል። ያ ሠራተኛ ደኑን የሸጠው ሰው አልነበረም፤ በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ነበር።

በ1992 የምርጫ ዘመቻ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ተቀናቃኞቻቸው ቢመረጡ አገሩ በጉጉት ተሞልቶ ሠራተኛው ሥራ አጥ ይሆናል እያሉ ይቀልዱ ነበር። በዚያው ዓመት ሰዎች "የእግዜር ጓድ" የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰባት አባላት አሉት፣ አብዛኞቹ ሚኒስትሮችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ ሥልጣኑም አንድን ፍጥረት ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ማድረግ ነው። ኮሚቴው ከቀረቡለት 44 የእንጨት ሽያጮች 13ቱን ፈቀደ፤ በሙግት ተጠልፎ ግን እንደታሰበው ሳይሄድ ቀረ።

▪️ ሥራውን የበላው ማን ነው?

እንጨት ቆራጩ "ሥራዬን የወሰደችው ጉጉት ናት" ሲል ውሸት አልተናገረም፤ እግዱ በእርግጥም ፋብሪካ ዘግቷል። ግን ሙሉውን እውነት አልተነገረውም።

ጉጉቷ በሕግ ከመጠበቋ በፊት በነበረው አሥር ዓመት ውስጥ ሥራው እየቀነሰ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበረው የኢኮኖሚ ድቀት ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ። መልሰው የተከፈቱት በአዲስ ማሽን ነው፤ ብዙ እንጨት፣ ጥቂት ሠራተኛ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ምርቱ ከፍ ብሎ ሳለ የሠራተኛው ቁጥር ቀድሞ ከነበረበት ዝቅ ብሎ ነበር። በሌላ በኩል ከግልና ከግዛት መንግሥት ይዞታ የሚወጣ ያልተሰነጠቀ ግንድ በመርከብ ወደ ጃፓን ይጫን ነበር። እያንዳንዱ ግንድ የኦሪገን መሰንጠቂያ ሊሠራው ይችል የነበረ ሥራ ነው። ትላልቆቹ ኩባንያዎችም ዛፍ ቶሎ ወደሚያድግበት፣ ጉልበት ወደሚረክስበት ወደ ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (እነ ጆርጂያና አላባማ) ገንዘባቸውን ማዞር ከጀመሩ ቆይተው ነበር።

ሌላው ቀላል ሂሳብ ነው። በዚያ ፍጥነት ቢቆረጥ የመንግሥት አሮጌ ደን ጥቂት አሥርት ዓመታት እንኳ አይቆይም ነበር። ጉጉቷ ባትኖርም መጋዙ መቆሙ አይቀርም፤ ልዩነቱ የሚቆመው ዛፍ ሳይተርፍ መሆኑ ነበር። ማሽኑን፣ መርከቡንና ኩባንያውን መክሰስ ከባድ ነው። ጉጉቷን መክሰስ ግን ቀላል ነው፤ አፍ የላትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

▪️ ሂሳቡ

በሚያዝያ 1993 ቢል ክሊንተን፣ ምክትላቸው አል ጎርና ሚኒስትሮቻቸው ፖርትላንድ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው እንጨት ቆራጭ፣ ሳይንቲስት፣ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሲናገር አዳመጡ። በ1994 "የሰሜን ምዕራብ የደን ዕቅድ" ወጣ። ወደ 10 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ የፌዴራል መሬት ይሸፍናል። ከዚያ መሬት የሚወጣው እንጨት በ1980ዎቹ ከነበረው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ለተጎዱት በአምስት ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሰጣል ተባለ፤ ለሥልጠና፣ ለአነስተኛ ንግድ፣ ለወንዝና ለደን ማገገሚያ ሥራ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን 25 ዓመት መጋዝ ይዞ የኖረን የ50 ዓመት ሰው ኮምፒውተር አስተምሮ፣ ከዚያ ሥራው ያለው ሦስት ሰዓት ርቀት ላይ መሆኑን መንገር ምን ያህል ይጠቅመዋል? ፖርትላንድና ሲያትል በሶፍትዌርና በቴክኖሎጂ ሲያብቡ የተራራ ሥር ከተሞች ተዳከሙ።

ያ የ1908ቱ ክፍፍልም አብሮ ወደቀ። ዛፍ ካልተሸጠ 25 በመቶ የሚባል ነገር የለም። በ2000 ኮንግረስ ማካካሻ ክፍያ ቢጀምርም እየተቆራረጠ ነው የቆየው። በ2012 የኦሪገኗ ጆሴፊን ካውንቲ ይህ ገንዘብ ደርቆባት፣ ነዋሪውም ተጨማሪ ግብር አልከፍልም ብሎ፣ የሸሪፍ ቢሮው አብዛኞቹን ሠራተኞች አሰናበተ። ሌሊት ሌባ የገባበት ገበሬ ፖሊስ ሲያጣ በልቡ ማንን እንደሚረግም መገመት አያዳግትም።

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ፎርክስ የምትባለውን ከተማ ታውቋት ይሆናል፤ ከእናንተ በስተምዕራብ ጥቂት ሰዓት ነድታችሁ የምትደርሱባት። የዓለም የእንጨት ዋና ከተማ ነኝ ትል ነበር። ከ2005 ወዲህ ግን ብዙ እንግዳ የሚመጣላት በ"ትዋይላይት" የልብ ወለድ መጻሕፍት ታሪኩ የተተረከባት ከተማ ስለሆነች ነው። ደም መጣጭ ገጸ ባሕርያት ቱሪስት አመጡላት። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለሁሉም ከተማ ደራሲ አይላክለትም።

▪️ ታዲያ ምን ተገኘ?

ለአንዲት ጉጉት ይህ ሁሉ? የሚል ሰው ደኑ ውስጥ ሌላ ምን እንደነበር ይጠይቅ።

በደኑ ጥላ ሥር ፓሲፊክ ዩው የሚባል አጭር፣ ጠማማ ዛፍ ይበቅላል። እንጨት ቆራጮች እንደ ቆሻሻ ያዩት ነበር፤ ትልልቁ ዛፍ ከተወሰደ በኋላ ከቅርንጫፉ ጋር ተከምሮ ይቃጠላል። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከልጡ አንድ ንጥረ ነገር አወጡ። በታኅሣሥ 1992፣ በእንጨት ጦርነቱ መሐል፣ ይኸው መድኃኒት ለማህፀን እንቁላል እጢ ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ስሙ ፓክሊታክሰል ነው፤ ብዙዎች ታክሶል ይሉታል። ዛሬ ለጡት ካንሰርም ይሰጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አሮጌ ዛፍ ሳይቆረጥም ይመረታል። ስንት እናት በእሱ ዕድሜ አገኘች! ለዓመታት ግን የሚቃጠል ጭራሮ ነበር።

ውሃውም አለ። የፖርትላንድ ከተማ ዋና የመጠጥ ውሃ የሚመጣው ቡል ረን ከሚባል ደን የሸፈነው ተፋሰስ ነው። የ1994ቱ ዕቅድ የየወንዙን ዳር ከቆረጣ ስለከለለ ሳልመን ለሚባለው ዓሣም ተስፋ ሆኗል። አሮጌው ዛፍ የያዘው ካርቦን ደግሞ በአየር ንብረት ለውጥ ዘመን ዋጋው እየታወቀ ነው። ጉጉቷ በመዝገብ ላይ የሰፈረች ስም ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል፤ በእሷ ስም የተጠበቀው ደኑና ውሃው ነው።

▪️ ያልታሰበው እንግዳ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ደኑ ተረፈ፤ ጉጉቷ ግን አሁንም እየጠፋች ነው። ክትትል በሚደረግባቸው ብዙ ቦታዎች ከ1995 ወዲህ ቁጥሯ ከግማሽ በላይ ወርዷል። በካናዳ በኩል በ2023 በዱር ተወልዳ በዱር የቀረች የምትታወቀው አንዲት ሴት ጉጉት ብቻ ነበረች።

ምክንያቱ አንዱ ቀድሞ የጠፋው መኖሪያና የሰደድ እሳቱ ነው። ሌላው ዘመዷ ነው። ባለመስመር ጉጉት የሚባል፣ ትልቅና ጉልበተኛ ወፍ ከምሥራቅ አሜሪካ መጥቶ ቤቷን ወረሰ። ቀድሞ መሐል ያለው ዛፍ የለሽ ሜዳ አያሳልፈውም ነበር፤ ሳይንቲስቶች እንደሚያስረዱት ሰፋሪዎች ሜዳው ላይ ዛፍ ሲተክሉና የሣር እሳቱን ሲያጠፉ መሸጋገሪያ ድልድይ ሠሩለት። በሙከራ ባለመስመሩ በተወገደባቸው ቦታዎች የነጠብጣቧ ቁጥር መውደቁን አቆመ ማለት ይቻላል፤ ባልተወገደባቸው ግን በዓመት 12 በመቶ ገደማ ይወርድ ነበር። በዚህ መነሻ በ2024 የአሜሪካ መንግሥት በ30 ዓመት ውስጥ እስከ 450 ሺህ የሚደርሱ ባለመስመር ጉጉቶችን በጥይት ለማስወገድ ዕቅድ አጸደቀ።

ጉጉት ለማዳን ጉጉት መግደል! የእንስሳት መብት ተሟጋቹም በጀት ቆጣቢው ፖለቲከኛም በአንድ ድምፅ ተቃወሙት። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰው በእጁ ያዛባውን "ተፈጥሮ ራሷ ትፍረደው" ብሎ መሸሽ ከኃላፊነት ማምለጥ ነው። ይሁን እንጂ አንድ እውነት መዋጥ አለብን፦ ጥበቃ ሲዘገይ ዋጋው ይንራል፣ አማራጩም እየከፋ ይሄዳል። በ1970ዎቹ ፎርስማን ሲያስጠነቅቅ የሚበቃው መጋዙን ትንሽ ማዘግየት ነበር።

▪️ ለእኛስ?

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው የምትሉ ሰሜንን አስቡ። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው መጠበቅ አለበት፤ ጥያቄ የለውም። ግን ገብስ የሚያበቅል፣ በግ የሚያረባ ገበሬ ከተማ ውስጥ በምን ሙያው ይኑር? ቅርሱ የዓለም ከተባለ ወጪውን የአንድ መንደር ሰው ብቻ ለምን ይሸከማል? የኦሪገኑ እንጨት ቆራጭ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ "ጉጉቷን እንጠብቅ ወይስ አንጠብቅ" ለሚለው መልሴ እንጠብቅ ነው። የጠፋ ፍጥረት በአዋጅ አይመለስም፤ የተዘጋ ፋብሪካ ግን ሌላ ሥራ ሊተካው ይችላል። የሚተካው ግን በራሱ አይደለም። ሕግ የሚያወጣው አካል በዚያው ቀን በጀቱን አብሮ ካላወጣ፣ የመምህሩን ደመወዝ ከዛፉ ካልፈታ፣ ሠራተኛውን እግዱ ከመድረሱ በፊት ካላነጋገረ፣ ወፏን የሚጠላ ትውልድ እያሳደገ ነው። በጠላት መሐል ደግሞ ምንም ሕግ ቢኖር ወፍ አትኖርም።

እናንተስ? ሂሳቡን ማን መክፈል አለበት ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ከሥር አስቀምጡልኝ።

ቸር እንሰንብት።